የወንጂው ፊሊፕስ ሆዱ ይውጣ ወይስ ይቆይ?

የመክፈቻው ጽሑፍ

አንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ስለ አሮጌ ሬዲዮ ጥያቄ ቀረበ፤ ጥያቄውንና ተከታትለው የመጡትን ምላሾች ክር እንላቸዋለን። ጠያቂው የአዳማ ልጅ ነው። አያቱ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ይሠሩ ነበር። እዚያ እያሉ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ሆላንዳዊ ፊሊፕስ ሬዲዮ ገዙ። ሣጥኑ እንጨት ነው፣ ውስጡ ባለ ቫልቭ፤ ማለትም ከትራንዚስተር በፊት የነበረው፣ አምፖል የሚመስለው ክፍል ያለበት። ፊቱ ላይ የሩቅ ከተሞች ስም የተጻፈበት ረጅም መስታወት አለው። ልጁ ነፍስ ካወቀ ጀምሮ ሬዲዮው ድምፅ አሰምቶ አያውቅም። ዳንቴል ለብሶ ሳሎን ጥግ ተቀምጧል።

ሐሳቡ ውስጡን ሙልጭ አድርጎ አውጥቶ ብሉቱዝና ፍላሽ የሚያነብ ቦርድ ከነአምፕሊፋየሩ መግጠም ነው። እናቱ ከስልካቸው መዝሙር እንዲያዳምጡበት ይፈልጋል። ለእንቁጣጣሽ ማድረስ አለበት። አንድ አናጺ ፊቱን ቆርጦ ዲጂታል ማሳያ ሊያስገባለት ተስማምቷል። ጥያቄው ሁለት ነበር፤ የትኛው ቦርድ ይሻላል? የድሮው ስፒከርስ ይሠራል ወይ?

ክሩ በጣም ረዝሟል። አዲስ የሚገባ ሰው መሀሉ ላይ ሲደርስ ማን ለማን እንደመለሰ ይጠፋበታል። ስለዚህ ምላሾቹን በቁጥራቸው እየተከተልኩ ምን እንደተባለ ልንገራችሁ። የእኔን አቋም ከወዲሁ እወቁት። አሮጌ ሣጥን ውስጥ አዲስ ዕቃ ሲገባ ደስ ይለኛል። ዝም ብሎ ከሚቀመጥ የሚደመጥ ሬዲዮ ይሻላል። እንጨቱ መቆረጡን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። የዛሬ ቦርድ ከጥቂት ዓመት በኋላ በሌላ ይተካል። የተቆረጠ ሣጥን ግን ወደ ነበረበት አይመለስም።

ምላሾቹ

1ኛውና 2ኛው አጭር ናቸው። አንደኛው ልጁን አመስግኖ በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ የሚሸጠውን ባለ 12 ቮልት ቦርድ መከረው፤ ቀይ ቁጥር የሚያበራውንና ከነሪሞቱ የሚመጣውን። ሁለተኛው በዚህ ተስማምቶ ቀለም የሚቀያይር መብራት እንዲጨምርበት ነገረው።

በምላሽ 3 የገቡት በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ልጁን መርቀው ጀመሩ። ከዚያ ማንም ያልጠየቀውን ጠየቁ። ሬዲዮው መሞቱን ማን አረጋገጠ? ተበላሽቷል ተብሎ ከተቀመጠ ስንት ዘመኑ ነው፤ ማንስ ከፍቶ አየው? ዝም ብሎ ሶኬት ላይ እንዳይሰካው አጥብቀው አስጠነቀቁት። መጀመሪያ ከጀርባ ያለውን የቮልቴጅ መምረጫ ይመልከት። ያ ዘመን ለብዙ አገር ኮረንቲ የሚሆን ዕቃ የሚሠራበት ስለነበር መምረጫው 110 ወይም 127 ላይ ተደርጎ ሊሆን ይችላል። የእኛ ደግሞ 220 ነው። ቀጥሎ ባለ ክር የድሮ አምፖል፣ 60 ዋት ገደማ፣ ከሬዲዮው ጋር በተከታታይ ይገናኝ። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው። ደምቆ ከቀረ ውስጥ ሾርት አለ። ቆጣቢው አምፖል ወይም ኤልኢዲ ለዚህ አይሆንም። ይህ ምክር ክሩ ውስጥ ካሉት ሁሉ ቀድሞ መነበብ ያለበት ነው። ፊውዝ ከማቃጠልም፣ ቤት ከማቃጠልም ያድናል።

4ኛው ሻከር ያለ ነው። የአጭር ሞገድ ዘመን አልፏል፣ ማንም አይሰማውም፣ ስለዚህ ስለ ቫልቭ ማውራት ጊዜ ማባከን ነው ባይ ነው። ሽማግሌውን ስም ሳይጠራ ነካ አድርጓቸዋል።

5ኛው ለዚህ መልስ ሰጠ። የጀርመን ድምፅ አማርኛ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1965 ሥራ ሲጀምር ሰው የሰማው በአጭር ሞገድ እንደሆነ አስታወሰ። ከዚያ ወደ ብሥራተ ወንጌል ሄደ። ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ1963 ከአዲስ አበባ ማሠራጨት ጀምሮ በ1977 ደርግ እስኪወርሰው ድረስ የምላሽ ሰጪው እናት ሥራቸውን የሚያቆሙት በእሱ ሰዓት ነበር። ቁም ነገሩ እንዲህ ያለው ሬዲዮ የተገዛው ለዚያ ነው የሚል ነው። እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ ልጁ ግን ከእንቁጣጣሽ በኋላ ምን ይሰማበታል የሚለውን አይመልስም።

ያንን የመለሰው 6ኛው ነው፤ በጨዋ ቋንቋ። ሬዲዮው ቢጠገን እንኳ ኤፍኤሙ ላይ ችግር አለ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተሠሩ ብዙ የአውሮፓ ሬዲዮዎች ኤፍኤማቸው 100 ሜጋኸርዝ ላይ ያቆማል። የዛሬው እስከ 108 ይሄዳል። አዲስ አበባ ላይ ሸገርን በ102.1 ልፈልግ ብትል መርፌው ጫፍ ደርሶ ይቆማል። ስለዚህ አዲስ የኤፍኤም ቦርድ ማስገባት ምክንያት እንዳለው ጻፈ። ሣጥን ወዳጅ ነን የምንል ሰዎች ይህን መካድ የለብንም።

ከ7 እስከ 9 ያለው ወሬው የሰፈረበት ነው። አንዱ የሠፈር ሰው አንድ ሬዲዮ ከብቦ ኳስ ሲሰማ አስታወሰ። ሌላው አለቀ የተባለ የሬዲዮ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ለአንድ ምሽት ዜና ይበቃ እንደነበር ተረከ። 9ኛው እርማት ሰጠ፤ ድንጋይ የሚበላው ትራንዚስተሩ ነው፣ ባለ ቫልቩ ፊሊፕስ ግን የግድግዳ ኮረንቲ ይፈልጋል። ወንጂ ደግሞ ፋብሪካው የራሱን ኮረንቲ ያመነጭ ስለነበር እንዲህ ያለ ሬዲዮ እዚያ መገኘቱ አይገርምም። ፋብሪካውን እ.ኤ.አ. በ1954 የከፈተው ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ መሆኑን፣ በ1967 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት እንደወረሰው ጨመረ። የልጁ አያት ሬዲዮውን የገዙት በዚያ ሰሞን ይሆን እንዴ ብሎ ጠይቋል። ልጁ እስካሁን አልመለሰለትም።

10ኛው የሐዋሳ ኤሌክትሪሺያን ነው። ወሬውን አቁሞ ወደ አደጋው መለሰን። አንዳንድ የድሮ ሬዲዮዎች ዋና ትራንስፎርመር የላቸውም። የግድግዳው ኮረንቲ አንዱ ሽቦ በቀጥታ ከቻሲሱ፣ ማለትም ክፍሎቹ ሁሉ ከሚታሰሩበት ብረት ጋር ይገናኛል። ማዞሪያው ወልቆ ዘንጉን የነካ ሰው 220 ቮልት ነካ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን በገመድ ከስልክ ጋር ማገናኘት ሰው ይገድላል። መለያውንም ሰጠ። ቫልቮቹ ላይ የተጻፈው ስም በላቲኑ «ዩ» ከጀመረ ብዙውን ጊዜ ትራንስፎርመር የሌለው ነው። በ«ኢ» ከጀመረ ብዙውን ጊዜ አለው። በተጨማሪም ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ እንኳ ኮረንቲ የሚያጠራቅሙት ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ከ200 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ስለሚችሉ ሳያራግፉ እጅ እንዳይገባ አሳሰበ።

በ11 ልጁ ተመለሰ። ጀርባውን ከፍቶ አይቷል። አቧራና የአይጥ ጎጆ አገኘ። ጣቢያ የሚያመለክተውን መርፌ የሚጎትተው ክር ተበጥሷል። ቫልቮቹ ሁሉ በ«ኢ» ይጀምራሉ፣ አንዱ ዓይነት ኢኤል 86 ይላል። ግን ሌላም ነገር አድርጓል። ከሱቅ ያመጣውን ትንሽ ቦርድ ከድሮው ስፒከር ጋር አገናኝቶ ሞክሮታል። ድምፁ እንደ ሹክሹክታ ሆነበት። ስፒከሩ አልቋል ብሎ ደመደመ። አዲስ ገዝቶ ቀዳዳውን በአናጺው ሊያሰፋ ነው። 12ኛው ጣለው አለው፤ በቃ፣ አንድ ቃል።

ከዚህ በኋላ ያለው የክሩ ምርጥ ክፍል ነው።

13ኛው ምንም እንዳይጥል ለመነው። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ኢኤል 86ን ተጠቅሞ የድምፅ ትራንስፎርመር የሌላቸው ሬዲዮዎች ይሠራ ነበር። ቫልቩ ስፒከሩን በቀጥታ ነው የሚነዳው። ለዚህ ሲባል ስፒከሩ ራሱ 800 ኦም ሆኖ ተጠመጠመ፤ ኦም ኮረንቲን የመቋቋም መለኪያ ነው። የዛሬ ቦርድ ደግሞ የሚፈልገው 4 ወይም 8 ኦም ነው። 800 ላይ ሲገናኝ ጉልበቱ አይተላለፍም። ስለዚህ ሹክሹክታው የስፒከሩ ሞት ምልክት አይደለም። ልጁ በቴስተር እንዲለካው ጠየቀው።

14ኛው በዚህ ሳቀበት። 800 ኦም የሚባል ስፒከር እንደሌለ፣ 8 ነጥብ 00 የሚለውን ሰው በስህተት አንብቦት እንደሚሆን፣ ዕድሜውን ሙሉ ስፒከር ሲቀይር የኖረ ሰው መሆኑን ጻፈ። አነጋገሩ ከበድ ያለ ነበር። 13ኛው አልተጣላም።

15 ላይ ልጁ ለካ። ቴስተሩ በመቶዎች የሚቆጠር ኦም አሳየው። ክርክሩ እዚያው አበቃ። ቴስተር የሚለካው የሽቦውን መቋቋም ብቻ ስለሆነ ቁጥሩ ልክ 800 ላይ አይወድቅም፤ ግን ስምንትና ሰባት መቶ አይምታታም።

16ኛው መፍትሔውን አመጣ። እንዲህ ያለ ብልሃት ካየሁ ቆይቻለሁ። ሰውየው የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ድምፅ ማጉያ የሚዘረጋ ባለሙያ ነው። ረጅም ሽቦ ላይ የሚሰቀሉ ሆርኖች (ጥሩምባ መሳይ ድምፅ ማጉያዎች) ውስጥ የ100 ቮልት መስመር ትራንስፎርመር አለ። አንድ ጎኑ 8 ኦም ነው። ሌላው ጎኑ ደግሞ በዋት ይከፋፈላል። ባለ 10 ዋቱን ጫፍ ውሰድ ይላል። 100 ሲባዛ በ100፣ ሲካፈል ለ10፣ 1000 ኦም። ይህ ለ800 ቅርብ ነው። ትራንስፎርመሩ ተገልብጦ ይገጠም። አምፕሊፋየሩ በ8 ኦሙ ጎን ይግባ፣ አሮጌው ስፒከር በ10 ዋቱ ጫፍ ይገናኝ። አምፕሊፋየሩ በዚህ መንገድ ስፒከሩን 6 ኦም ተኩል ገደማ አድርጎ ያየዋል፤ ተመችቶት ይሠራል። እንጨት አይነካም፣ ስፒከር አይጣልም። ያረጀ ሆርን ደግሞ የትም ይገኛል።

17ኛው ያው 14ኛው ሰው ነው። መጥቶ በአክብሮት አመሰገነ፤ እንዲህ ያለ ስፒከር አይቶ እንደማያውቅም ተናገረ። ጠቃሚ ማስጠንቀቂያም ጨመረ። በዚህ አገጣጠም ወደ ስፒከሩ የሚሄደው ሽቦ ተራ የስፒከር ሽቦ አይደለም። 800 ኦም ላይ 5 ዋት ለማውጣት 63 ቮልት ገደማ ያስፈልጋል። ስለዚህ መገናኛው ሁሉ በደንብ ይሸፈን። ከ5 ዋት በላይም አይሂድ። የወረቀቱ ኮን ለእንደዚያ ዓይነት ጉልበት አልተሠራም፤ ለአንድ ሳሎን ግን ይበቃል።

18 እና 19 የገበያ ጠብ ነው። አንዱ ሬዲዮውን እንዳለ ልግዛህ አለ፤ ካፌዎች ለጌጥ እንደሚፈልጉት ተናገረ። ሌላው ደግሞ እንዲህ ያሉ ሰዎች በርካሽ ገዝተው ቫልቩን ለብቻ፣ ስፒከሩን ለብቻ፣ ባዶ ሣጥኑን ለብቻ እንደሚሸጡ ከሰሰው። መርካቶ ምናለሽ ተራ ሆዱ የወጣ ሬዲዮ ተደራርቦ ማየቱንም ጠቀሰ። ቃላቱ እየከረሩ ሄደው በ20 የመድረኩ ኃላፊ ገብቶ የዋጋ ወሬ እንዲቆም አዘዘ። ልጁ እንደማይሸጥ በዚያው ተናገረ።

21ኛው ስለ ቦርድ ወደተጠየቀው መለሰን። ከሱቅ ቦርድ ይልቅ ኢኤስፒ32 የሚባለውን ብሉቱዝ ያለው ትንሽ ቦርድ ወስዶ ራሱ ፕሮግራም ቢያደርገው የድሮዎቹ ማዞሪያዎች ድምፅና ጣቢያ እንዲቀይሩ ማድረግ እንደሚችል አስረዳ። በዚህ ማሳያ አያስፈልግም፤ ማሳያ ካላስፈለገ የሚቆረጥ ነገር የለም። 22ኛው ትክክለኛ ማስተካከያ ሰጠ። ስሙ ተመሳስሎበት ሰው የሚገዛው ኤስ3 የሚባለው አዲሱ ዓይነት ከስልክ ሙዚቃ የሚቀበለው የብሉቱዝ ዓይነት የለውም። የሚሆነው የመጀመሪያው ኢኤስፒ32 ነው። 23ኛው ራስበሪ ፓይ የሚባለው ትንሽ ኮምፒውተር ይሻላል ብሎ ጀምሮ ራሱ ገደብ አበጀለት። መብራት ድንገት ሲጠፋ የሚሞሪ ካርዱ ጽሑፍ ሊበላሽና ዳግም ላይነሳ ይችላል። መብራት በሚመላለስበት ቤት እናት ማብሪያውን ተጭነው የሚከፈት ነገር ያስፈልጋቸዋል። ይህ ልክ ነው። ለእናት የሚሠራ ዕቃ ጠጋኝ የሚያስጠራ መሆን የለበትም።

24ኛው አናጺ ነው፤ እንጨት ከልቡ የሚወድ ሰው። ፊቱን ቆርጦ ማሳያ ማስገባትን እሱ ቢከፈለውም እንደማይሠራው ገለጸ። ላዩ ላይ የተለጠፈው የእንጨት ልባስ በጣም ስስ ነው፣ ከስሩ ያለው ኮምፔርሳቶ ነው። አሮጌ ልባስ በመጋዝ ሲነካ ጠርዙ ይፈረካከሳል። የአዳማ ደረቅ ነፋስ ደግሞ የተላቀቀውን ጫፍ እያነሳ ይወስደዋል። ሻካራ የብርጭቆ ወረቀት ልባሱን በአንድ ጊዜ ይጨርሰዋል፤ በለስላሳው ብቻ፣ በእጅ፣ የእንጨቱን መስመር ተከትሎ። ቻሲሱ ከወጣ ደግሞ በልኩ አንድ ኮምፔርሳቶ ቆርጦ፣ ቦርዶቹን ሁሉ እሱ ላይ አስሮ፣ በራሱ በቻሲሱ ብሎን ቀዳዳዎች ማሰር ይቻላል። አንድም አዲስ ቀዳዳ አይበሳም። ከዚያ በፊት ለነቀዝ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀባው ያለ ሰው ነበር፤ 24ኛው በዚህ ተቆጣ። ዘይቱ ወደ ስፒከሩ ወረቀት ይሰርጋል፣ ሽታውም ከሳሎን አይወጣም።

25ኛው ክሩን አጋለው። ቻሲሱን ማውጣት ራሱ ጥፋት ነው ብሎ ተነሳ። በሰም የተነከሩት የወረቀት ካፓሲተሮች ይቀየሩ፣ ኤሌክትሮላይት የሚባሉት ካፓሲተሮችም ይቀየሩ፣ የመርፌው ክር ይቀጠል፣ ሬዲዮው ይናገራል። ብሉቱዝ የሚያስገቡ ሰዎች ታሪክ እንደሚያጠፉ፣ ልጁም አያቱን እንደማያከብር ጻፈ። የመጨረሻዋ ቃል ትክክል አልነበረችም። ልጁ የጠየቀው እኮ ስለሚወዳቸው ነው።

26ኛው በዚያው ቁጣ መለሰለት። ቫልቭ ከየት ይመጣል፣ ማን ይጠግናል፣ ሲበላሽ እናቱ ወዴት ይሄዳሉ? 27ኛው የ25ኛው መልስ ነው፤ ጭራሽ ባሰበት። ሁለቱን ማንበብ አያስፈልግም።

28ኛው ሁለቱንም የሚያስታርቅ ሐሳብ ነበረው። ብዙ ባለ ቫልቭ ሬዲዮዎች ከጀርባ የሸክላ ማጫወቻ መግቢያ አላቸው። ሬዲዮው ከተጠገነና ዋና ትራንስፎርመር ያለው ዓይነት ከሆነ ትንሽ የብሉቱዝ ተቀባይ እዚያ ላይ ይሰካል። ከስልክ የመጣው መዝሙር በራሱ ቫልቭና በራሱ ስፒከር ይወጣል። ምንም አይወልቅም። ቻሲሱ በሕይወት ካለ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም ብዬ አምናለሁ።

ግን 29 ላይ ልጁ የ3ኛውን ምክር ከአንድ የሬዲዮ ጠጋኝ ጋር ሞክሮ ተመለሰ። አምፖሉ ደመቀ። ቫልቮቹን በሙሉ አውጥተው ደገሙት፤ አሁንም ደመቀ። ጠጋኙ ዋናው ትራንስፎርመር ተቃጥሏል አለው። 3ኛው አባት መጥተው ልክ እንደሚመስላቸው አረጋገጡለት፤ ይህ 30 ነው። ትራንስፎርመር እንደገና ሊጠመጠም ይችላል፤ ለእንቁጣጣሽ ግን አይደርስም።

ልጁ በ31 ውሳኔውን አሳወቀ። ቻሲሱ ከነቫልቮቹ ሳይነካካ ይወጣል። ተጠቅልሎ ካርቶን ውስጥ ይቀመጣል፤ አይበተንም፣ አይሸጥም። ኢኤስፒ32ና ትንሽ አምፕሊፋየር በኮምፔርሳቶው ላይ ይገባሉ። ኃይሉ ከሣጥኑ ውጭ ከሚቀመጥ ባለ 12 ቮልት አዳፕተር ይመጣል፤ ስለዚህ ሣጥኑ ውስጥ 220 አይገባም። ስፒከሩ በ16ኛው ብልሃት የአያቱ ይሆናል። አናጺውን ፊቱን እንዳይቆርጥ ነግሮታል። ይህን ሳነብ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

32ኛው ስለ ጩኸት አስጠነቀቀው። ብሉቱዙና አምፕሊፋየሩ ከአንድ ኃይል ሲጠጡ ከስፒከሩ ሲር የሚል ድምፅ ይመጣል። ለብሉቱዙ ብቻ ኃይሉን የሚነጥል ትንሽ ኮንቨርተር ያስፈልጋል። ቢ0505ኤስ የሚባለው የሚሰጠው 1 ዋት ብቻ ስለሆነ ለትንሽ ተቀባይ እንጂ ለኢኤስፒ32 ላይበቃ ይችላል፤ ከፍ ያለውን ይግዛ።

33 ላይ ልጁ ማንም ያላሰበውን ችግር ይዞ መጣ። የከተሞቹ መስታወት ሣጥኑ ላይ ይቀራል። መርፌው፣ ክሩና መብራቱ ግን የቻሲሱ አካል ናቸው፤ አብረው ይወጣሉ። ከመስታወቱ ጀርባ ባዶ ሊሆን ነው። 34ኛው ክሬም ቀለም የተቀባ ሰሌዳና ሞቅ ያለ ብርሃን የሚሰጥ ኤልኢዲ እንዲያስቀምጥ መከረ። መርፌውን ግን መፍትሔ አላበጀለትም።

35ኛው ያ 25ኛው ሰው ነው። ሲቆጣ የነበረው ሰው ቤቱ ውስጥ የሞተ የፊሊፕስ ቻሲስ እንዳለው ተናገረ። መርፌውን፣ የመርፌው ክር የሚጠመጠምበትን ከበሮና የሚዞርባቸውን ጎማዎች ነቅሎ በነፃ ይሰጠዋል። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ የአያቱ ቻሲስ እንደተባለው ሳይበተን ይቀመጥ፣ ትራንስፎርመሩን ለማስጠምጠም ገንዘብ በተገኘ ጊዜም ይንገረው። ልጁ በ36 እሺ ብሎ አመሰገነው። 37ኛው የ35ኛው ነው፤ ከበሮውን ከመንቀሉ በፊት የመስታወቱን ርዝመትና ከግራ ማዞሪያው ዘንግ ያለውን ርቀት በሚሊሜትር ጠይቋል። ልጁ ቅዳሜ ለክቶ እንደሚልክለት ጽፏል።